ገንዳው ውስጥ የቀረው ሕፃን፦ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» ስለ ስኪዞፍሬኒያ ያልነገረን

«ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ»ን ያየ ሰው የመታጠቢያ ገንዳውን ትዕይንት የሚረሳው አይመስለኝም። ዝናብ ሊመጣ ነው። አሊሲያ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ ባሏ ጆን ናሽ ሕፃን ልጃቸውን ሊያጥብ ቤት ይቀራል። እሷ ውጭ ሆና የጓሮውን ጎጆ ከፍታ ስታይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ ቁርጥራጭ ተሸፍኗል። ባሏ መድኃኒቱን መዋጥ አቁሟል ማለት ነው። እየሮጠች ትመለሳለች። ቧንቧው ክፍት ነው፣ ውኃው እየሞላ ነው፣ ሕፃኑ ብቻውን ነው። ናሽ ግን ቻርልስ እየጠበቀው እንደነበር ይናገራል። ቻርልስ የሚባል ሰው ደግሞ የለም።

ፊልሙ ይህን አደጋ የሚያስረዳን በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ሰውየው የሌለ ሰው ያያል፣ ለሌለ ሰው አደራ ይሰጣል፣ ስለዚህ ልጁ ሊሞት ነበር። ጥርት ያለ ማብራሪያ ነው። እኔ ፊልሙን ደግሜ ሳየው የቆምኩት ግን እዚሁ ላይ ነው። ምክንያቱም ቻርልስን ከታሪኩ ብታወጡትም ገንዳው ሊሞላ ይችላል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ምንም ድምፅ ሳይሰማ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ቧንቧው ክፍት ነው» የሚለውን ነገር ሌላ እያሰበ ጎን ለጎን ይዞ መቆየት ሊከብደው ይችላል። (ይህን ስል ልጅ ማሳደግ አይችሉም እያልኩ አይደለም፤ የሚያሳድጉ ብዙ አሉ።) ይህ የሕመሙ ክፍል ፊልሙ ውስጥ የለም። ስለ ስኪዞፍሬኒያ የሚሠሩ አብዛኞቹ ታሪኮች ውስጥም የለም። ታማሚውን ከሥራ፣ ከትምህርትና ከቤተሰብ የሚያጣላው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት ባጭሩ፦ በ2001 ወጣ፣ ዳይሬክተሩ ሮን ሃዋርድ ነው፣ ናሽን ራስል ክሮው፣ አሊሲያን ጄኒፈር ኮኔሊ ተጫውተዋል። የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 4 ኦስካር ወሰደ። የተነሣው ሲልቪያ ናሳር በ1998 ካሳተመችው የናሽ የሕይወት ታሪክ ነው። ከማውቃቸው የእኔ እድሜ ሰዎች ብዙዎቹ «ስኪዞፍሬኒያ» ሲባል ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚመጣው የራስል ክሮው ፊት ነው። ለዚህ ነው ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላም ፊልሙን መተቸት ጊዜ ማባከን የማይመስለኝ።

መጀመሪያ ግን ምስጋናውን ልስጥ። የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ጎበዝ ነው። የክፍል ጓደኛው ቻርልስ፣ የመንግሥት ሰላይ ነኝ የሚለው ፓርቸር፣ ትንሿ ልጅ ማርሲ፤ ሦስቱንም እንደ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ ነው የምንቀበላቸው። ካሜራው አይጠቁመንም፣ ሙዚቃው አይጠቁመንም። ከዚያ ሐኪሙ ሲመጣ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይነሣል። ተመልካቹን ራሱን ማታለል «በሽተኛው እንዴት ያምናል?» ለሚል ሰው ከየትኛውም ስብከት የተሻለ መልስ ነው፤ አንተም አመንክ እኮ!

እውነተኛው ናሽ የሚያያቸው ሰዎች አልነበሩትም። የሚሰማው ድምፅ ነበር፣ ጽኑ የሆኑ የተሳሳቱ እምነቶችም ነበሩት፤ ቻርልስና ማርሲ ግን የስክሪፕት ፈጠራ ናቸው። በዚህ ብዙ አልከስም። ፊልም የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ድምፅን ሰው አድርጎ ማቆም የሙያው ፈቃድ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ቦታ ነው፦ ሕመሙን በሙሉ ወደሚታየው ክፍል መጨመቁ።

የማይታየው ክፍል ምንድነው? በእንግሊዝኛ ዎርኪንግ ሜሞሪ ይሉታል። «የሥራ ትውስታ» ብለው ሲተረጉሙት አይቻለሁ፤ ለእኔ ጡረታ የወጣ ሰው ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚያወጋ ይመስለኛልና ዎርኪንግ ሜሞሪ ብዬ ልቀጥል። ነገሩን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ሆናችሁ ሱቅ ተልካችኋል። «ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ አንድ ሳሙና።» መንገድ ላይ «ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ ሳሙና፤ ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ ሳሙና» እያላችሁ ትሮጣላችሁ። አንዱ ጎረቤት ያስቆማችሁና «እናትሽ ደህና ናት?» ይላል። በቃ። ሱቁ ጋ ስትደርሱ ሽንኩርትና ክብሪት አለ፣ ሦስተኛው የለም። አለን ባደሊና ግራም ሂች በ1974 ባቀረቡት ሞዴል ይህ ማጉረምረም የራሱ ቦታ አለው፤ ድምፅን እያዞረ የሚይዝ አንድ ክፍል፣ ምስልንና አቅጣጫን የሚይዝ ሌላ ክፍል፣ ሁለቱን የሚያስተዳድር አንድ አለቃ። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰባት ገደማ ነገር ነው ብሎ ነበር፤ ኔልሰን ኮዋን በ2001 ወደ አራት አወረደው። ጠባብ ነው፤ ለጤነኛውም ጠባብ ነው።

ዳዊትን በቃሉ የሚደግም የቆሎ ተማሪ ትልቅ ማስታወስ አለው ስንል የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ያ የተከማቸ ነው። ዎርኪንግ ሜሞሪ የሚባለው ነገሩን ለጥቂት ሰከንድ አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ሳይጥሉት፣ በሱ መሥራት ነው። ወሬ ተከትሎ ለመመለስ፣ ዋጋ ለመደመር፣ ወጥ እየሠሩ ስልክ ለማንሳት፣ የረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያውን ላለማጣት። ፊልም ለማየትም ጭምር።

አንጎል ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ካሳዩን ሙከራዎች በጣም የምወደው የዝንጀሮዎቹ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ፓትሪሺያ ጎልድማን-ራኪክና ባልደረቦቿ በ1989 ባሳተሙት ሥራ ዝንጀሮው መሐል ላይ ያለች ነጥብ እያየ ይቀመጣል። ጥግ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ዝንጀሮው ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ አለበት፤ ከዚያ መብራቷ ወደ ነበረችበት ቦታ ዓይኑን ይልካል። በመሃል ባለው ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ከግንባር ጀርባ ባለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ውስጥ ግን አንዳንድ የነርቭ ሴሎች መተኮሳቸውን አያቆሙም። መብራቷ ጠፍታለች፣ ሴሉ ግን «እዚያ ነበረች፣ እዚያ ነበረች» እንደሚል ይቀጥላል፤ እንደ ሱቅ ተላላኪው ልጅ ማለት ነው። ዛሬ ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል፤ መተኮሱ ተከታታይ ሳይሆን በቁጥቁጥ ነው የሚሉ አሉ፣ ሴሎቹ ዝም ባሉበትም ትውስታው በግንኙነታቸው ውስጥ ሊቆይ ይችላል የሚሉም አሉ። ያም ሆኖ ሙከራው ጥያቄውን በጥሩ ቅርጽ አስቀምጦታል፦ ነገሩ ከዓይን ሲጠፋ ማን ይይዘዋል?

ሱሂ ፓርክና ፊሊፕ ሆልዝማን ተመሳሳዩን ፈተና ለስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ሰጡ፤ ውጤቱ በ1992 ወጣ። ነጥቧ እየታየች ዓይናቸውን ወደሷ መላክ አላቃታቸውም። ጠፍታ፣ ጠብቀው፣ ከዚያ መላክ ሲኖርባቸው ግን ይስታሉ። በ1995 ደግሞ ሕመሙ የሌለባቸው የቅርብ ዘመዶቻቸው ላይም የዚሁ ጉድለት ቀለል ያለ ዓይነት ታየ። ይህ ሁለተኛው ውጤት ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ የማይሰማ፣ መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ እህት ወይም ወንድም ላይ የሕመሙ ጥላ በዚህ በኩል ይታያል ማለት ነው።

እዚህ ጋ በሙያዬ ያለ ሰው ሁሉ የሚመጣለት ምሳሌ ራም ነው። «ታማሚው ራም አንሶታል» ትላላችሁ፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል፣ ትጨርሳላችሁ። ምሳሌው ግን ያሳስታል። ራም አጭር ከሆነ ችግሩ የሚበረታው ነገር ሲበዛ ነው፤ ራሙ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ሲረዝም ነው። በ2005 ጁንጊ ሊና ሱሂ ፓርክ 124 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ጉድለቱ በቃልም በቦታም በሁሉም ዓይነት ፈተና ታየ፤ ነገር ግን የመጠበቂያው ጊዜ መርዘሙ ያን ያህል አላባባሰውም። ማለትም ዕቃው ቀዳዳ ኖሮት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ገና ሲገባ፣ ነገሩ በቅጡ ሲያዝ ነው የሚጀምረው። ስቲቨን ላክ፣ ጄምስ ጎልድና ባልደረቦቻቸው ከዚህ የሚገርም ሐሳብ አውጥተዋል። የታማሚው ትኩረት ደካማ አይደለም ይላሉ፤ ይልቁንም ከልክ በላይ ጠባብና ብርቱ ነው። እንደ ባትሪ አስቡት፤ መብራቱ አንድ ቦታ ላይ ተጠርቅሞ ያበራል፣ ዙሪያው ጨለማ ይሆናል። ራም ያነሰው ኮምፒውተር እንዲህ አያደርግም።

ይህን ይዛችሁ ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ናሽ ወታደራዊ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቁጥር ግድግዳ ፊት ይቆማል፤ ጥቂት ቁጥሮች እየበሩ ከሌሎቹ ይለያሉ። ጓሮው ጎጆ ውስጥ ሺህ የጋዜጣ ቁርጥራጭ በክር ተያይዟል። ፊልሙ የመጀመሪያውን ሊቅነት፣ ሁለተኛውን እብደት ብሎ ይሸጥልናል፤ ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ብርሃን ናቸው፣ ዙሪያውን የሚያጨልም። ሳያስበው ትክክለኛውን ምስል አግኝቷል እላለሁ። ከዚያ ግን ምን ያደርጋል? ብርሃኑን ያሳየናል፣ ጨለማውን አያሳየንም። በዚያው ሰዓት የተረሳው ቀጠሮ፣ ያልተከፈለው ኪራይ፣ ግማሹ የተሰማው የሚስቱ ወሬ የት ሄደ? አንዴ ብቻ፣ ገንዳው ጋ፣ ጨለማው ብቅ ይላል። እሱንም ወዲያው ቻርልስ ላይ ያላክኩታል።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር የመድኃኒቱ ክፍል ነው። ናሽ መዋጥ ከጀመረ በኋላ ይደነዝዛል። ሥራውን ማሰብ አይችልም፣ ለሚስቱ መልስ አይሰጥም፣ ስለዚህ ክኒኑን መደበቅ ይጀምራል። ፊልሙ ያወጣው ቀመር ግልጽ ነው፦ ቅዠቱ ከሕመሙ፣ ድንዛዜው ከመድኃኒቱ። ግማሽ እውነት አለው። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ያደክማሉ፣ አንዳንዶቹ ማስታወስን በቀጥታ ይጎዳሉ። ነገር ግን የማሰብ ጉድለቱ አንዲት ክኒን ቀምሰው በማያውቁ አዲስ ታማሚዎችም ላይ ይታያል። ኤሚል ክሬፕሊን በ1890ዎቹ ሕመሙን «ዲሜንሺያ ፕሪኮክስ» ብሎ ሲሰይመው፣ ያለ ጊዜው የመጣ የአእምሮ መድከም እንደ ማለት፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ሥራ ላይ ሊውል ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀረው ነበር። ክሬፕሊን ብዙ ነገር ተሳስቷል፤ ሁሉም ታማሚ እየባሰበት ይሄዳል የሚለው ልክ አልነበረም። ዓይኑ ግን ያረፈው ድምፆቹ ላይ ብቻ አልነበረም። «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም በ1908 ያወጣው ኦይገን ብሎይለርም ቅዠትን ከሕመሙ ዋና መሠረት አልቆጠረውም። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ በሲኒማ ገፋፊነት ወደ ኋላ ሄድን።

ለፍትሕ ያህል፣ ሳይንሱም የራሱ ሲኒማ አለው። ባለ ቀለሙን የአንጎል ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁታል፦ ግራ «ጤነኛ»፣ ቀኝ «ስኪዞፍሬኒያ»፣ አንዱ ግንባር ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ። የዚህ ምስል ታሪክ ራሱን የቻለ ድራማ ነው። በ1974 ዴቪድ ኢንግቫርና ጎራን ፍራንዘን ታማሚዎቹ በግንባር በኩል የደም ዝውውራቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ ጻፉ። በ1986 ዳንኤል ዋይንበርገርና ባልደረቦቹ ዜነን የተባለ ጋዝ እያስተነፈሱ ካርድ አስለዩአቸው፤ ካርዱ በቀለም፣ በቅርጽ ወይም በቁጥር ይለያል፣ ሕጉ ደግሞ ሳይነገር ይለወጣል። ጤነኞቹ ሲሠሩ ግንባራቸው ሥራ በዛበት፣ የታማሚዎቹ አልጨመረም። ታሪኩ ተዘጋ፦ «ግንባራቸው ደብዝዟል።» ለመጽሐፍ የሚመች፣ ለዜና የሚመች።

ከዚያ ኤፍኤምአርአይ መጣና ታሪኩን አበላሸው። በ1999 ዳራ ማኖክና ባልደረቦቿ ታማሚዎቹ ፈተናውን እየሠሩ ሲለኩ፣ እዚያው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ላይ እንቅስቃሴው እንደውም በዝቶ ተገኘ። እንዴት ሆነ? ለመረዳት ፈተናውን በራሳችሁ ሞክሩት። ፊደሎች አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አሁን የመጣው ከሁለት በፊት ከመጣው ጋር አንድ ከሆነ ቁልፍ ትጫናላችሁ። ሀ፣ መ፣ ሀ፤ ተጫኑ። ረ፤ ተዉት። ሀ፤ ተጫኑ። «ከሁለት በፊት» የሚለው «ከሦስት በፊት» ሲሆን ላብ ይመጣል። ጤነኛ ሰው ላይ ሸክሙ ሲጨምር የአንጎል ሥራ ይጨምራል፣ ከአቅም በላይ ሲሆን ግን ይወድቃል፤ ዳገት ወጥቶ ቁልቁል እንደሚወርድ መንገድ። አንዱ ማብራሪያ የታማሚው ዳገት ቀድሞ ይጀምራል፣ ቀድሞም ያልቃል የሚል ነው። ቀላል ፈተና ላይ ከሌላው በላይ ይለፋል፤ ከባድ ላይ ግን ሌላው ገና እየወጣ ሳለ እሱ ወርዷል። ስለዚህ አንዱ ተመራማሪ «ደብዛዛ» ሲያገኝ ሌላው «የበራ» ያገኘው የተለያየ የመንገዱ ቦታ ላይ ቆመው ስለለኩ ነው። ጆሴፍ ካሊኮት በ2003 ነገሩ ከ«ከፍ» እና ከ«ዝቅ» በላይ መሆኑን በጽሑፉ ርዕስ ላይ ሳይቀር ተናገረ። ውጤታቸው ከጤነኞቹ ጋር የተስተካከለ ታማሚዎች ሳይቀሩ አንጎላቸው የበለጠ ደክሞ ነበር እዚያ የደረሰው። ተመሳሳይ መልስ፣ የተለያየ ዋጋ።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ከጎናችሁ ተቀምጦ በትክክል የሚመልስላችሁ ሰው ለዚያች መልስ ከእናንተ እጥፍ ሊለፋ ይችላል። ከውጭ አይታይም። ማታ ቤቱ ሲገባ ለምን እንደዚያ እንደሚደክመው ማንም አያውቅም።

ባለ ቀለሙ ፎቶ ይህንን አይናገርም። ቀዩ የሚነድ ቦታ አይደለም፤ የደም ኦክስጅን ለውጥ ከሌላ ሁኔታ ጋር ተነጻጽሮ፣ ከብዙ ሰው ተደምሮ፣ በስታቲስቲክስ ተጣርቶ የተቀባ ካርታ ነው። ማጣሪያው ከላላ ምን እንደሚሆን በ2009 ክሬግ ቤኔትና ጓደኞቹ አሳይተዋል፤ የሞተ ሳልመን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው የሰው ፎቶ «አሳዩት»፣ ያለ ተገቢው እርማት ሲሰላ የዓሣው አንጎል «ነቃ»። በ2012 ኢግ ኖቤል ተሸለሙበት። የሁለቱ ቡድኖች አማካይ ይለያያል እንጂ ሰዎቹ ይደባለቃሉ፤ ከጤነኛው አማካይ በላይ የሚያመጣ ታማሚ አለ። በአንድ ፎቶ «ይኸው የስኪዞፍሬኒያ አንጎል» የሚል ሰው ከሮን ሃዋርድ ያነሰ ጥንቃቄ ነው ያደረገው። ሃዋርድ ቢያንስ ተዋናይ መሆኑን ነግሮናል።

አሁን ወደ ፊልሙ ትልቁ ሐሳብ። ናሽ የሚድነው በምንድነው? በሎጂክ። ከገንዳው አደጋ በኋላ አሊሲያ ልጇን ይዛ ልትሸሽ መኪና ውስጥ ስትገባ ከፊቷ ይቆምና ያገኘውን ይነግራታል፤ ማርሲ በዓመታት ውስጥ አላደገችም፣ ስለዚህ እውነተኛ አይደለችም። ቆንጆ ነው። በወቅቱ እኔም ተመችቶኛል፤ ባግ አገኘ፣ አስተካከለው። ችግሩ የሚጠግንበት መሣሪያ ራሱ የተጎዳው መሣሪያ መሆኑ ነው። «የዛሬዋ ማርሲ» እና «የያኔዋ ማርሲ»ን ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር፣ ከሁለቱም መደምደሚያ ማውጣት፣ መደምደሚያውን ፓርቸር እየጮኸ ሳይጥሉት መያዝ፤ ይህ የዎርኪንግ ሜሞሪ ፈተና ነው፣ ያውም ከባዱ። ፊልሙ ያንን አቅም በነጻ ይሰጠዋል። ያልዳነ ታማሚ ታዲያ ምን ይባላል? በደንብ አላሰበም?

ናሽ ራሱ ግን ከፊልሙ ጎን ይቆማል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ለኖቤል በጻፈው የሕይወት ታሪኩ አንዳንድ የተዛቡ ሐሳቦቹን ቀስ በቀስ በአእምሮው እየገፋ መተው እንደጀመረ ይናገራል። እምነው አለሁ። ነገር ግን የእሱ «ቀስ በቀስ» ዓመታት ነው፣ የፊልሙ አንድ ምሽት። ደግሞ ፊልሙ በ1994 የኖቤል ወሬ ሲመጣ ናሽን አዳዲስ መድኃኒት እወስዳለሁ ያሰኘዋል፤ እውነተኛው ናሽ ከ1970 ወዲህ አልወሰደም። ውሸቱ በጎ አሳቢ ነው፤ ተመልካች መድኃኒቱን እንዳይጥል። እንግዲህ አስቡት፦ በአንድ በኩል ሎጂክ ያድናል ብሎ ይሰብካል፣ በሌላ በኩል ሰዎች እንዳያምኑት ፈርቶ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ያስተባብላል። ስቶክሆልም ላይ ስለ ፍቅር ያደረገው ንግግርም ፈጠራ ነው።

«ፊልም የማይታይ ነገር እንዴት ያሳይ?» የሚል ይኖራል። ያሳያል። በ2000 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን «ሜሜንቶ» ቀለም ያላቸውን ትዕይንቶች ከኋላ ወደ ፊት ደርድሮ ተመልካቹን እንደ ገጸ ባሕርዩ «እዚህ እንዴት መጣሁ?» እያስባለ ያስኬደዋል። (የሌናርድ ችግር ግን ዎርኪንግ ሜሞሪ አይደለም፤ ለደቂቃዎች ወሬ ይከተላል፣ አዲስ ነገር ማከማቸት ነው ያቃተው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።) በ2020 የፍሎሪያን ዜለር «ዘ ፋዘር» የአእምሮ መርሳት ያለበትን አባት ታሪክ ሲነግር የቤቱን ዕቃ ሳይነግረን ይቀያይራል፣ የልጁን ፊት በሌላ ተዋናይ ይለውጣል፤ ይዘነው የነበረው ነገር ከእጃችን ይወድቃል። ስለ ስኪዞፍሬኒያ እንዲህ የሚያደርግ ትልቅ ፊልም ይጎድለናል። ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ የሚጠፋበት፣ እንግዳው ስሙን ሁለቴ የሚነግረን፣ እኛ ተመልካቾቹ ቧንቧው ክፍት መሆኑን ከልባችን የምንረሳበት። ሃዋርድ በመጀመሪያው አጋማሽ ያታለለን ሙሉ ጭንቅላት ሰጥቶን ነው፤ እውነቱ ሲወጣ ያለፉትን ትዕይንቶች ሁሉ መልሰን እናስተካክላለን። ናሽ ሆንን ብለን እንወጣለን፣ ከናሽ የወሰድነው ግን ቀላሉን ነው።

ይህ የጥበብ ክርክር ብቻ ቢሆን ብዙ አልደክምበትም ነበር። ቡታጅራን እናስታውስ። እዚያ በተደረገው የማኅበረሰብ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተጠይቀው 321 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ተገኙ፤ ከሺህ 4.7። የሳይኮሲስ መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። በድሃ አገር ሕመሙ ቶሎ ይለቃል የሚል ሐሳብ ከዓለም ጤና ድርጅት ጥናቶች ተነሥቶ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ቡታጅራ ላይ ግን አብዛኞቹ ሕመሙ ሳያቋርጥ የቀጠለባቸው ነበሩ። ፕሪንስተን የላቸውም፣ ጥቁር ሰሌዳ የላቸውም።

ታዲያ መድኃኒቱ ሲገኝስ? ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም ይቀንሳል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። ከዚያ ወራት ያልፋሉ። ዕቃ ግዛ ሲሉት አንዱን ረስቶ ይመጣል። የተነገረውን ሥራ ጀምሮ መሃል ላይ ይተዋል። ወሬ ሲበዛ ተነሥቶ ይወጣል። ቀን ሥራ ያስቀጠሩት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይመልሱታል። አሁን እብድ አይባልም፤ ሰነፍ ይባላል። «ግድ የለውም»፣ «ለምዶበት ነው»፣ «ልቡን አይጥልም»። ሕመሙ አለፈ ተብሎ ስለታወጀ የቀረው ሁሉ ጠባይ ይሆናል። ማይክል ግሪን በ1996 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን የታማሚን ኑሮ፣ ሥራውን፣ ከሰው መግባባቱን በተሻለ የሚተነብዩት የማስታወስና የትኩረት ችሎታዎች እንጂ የቅዠቱ ብርታት አልነበረም። ለዚህኛው ክፍል ደግሞ መድኃኒት የለም። ቦሪንገር ኢንግልሃይም ብዙ ተስፋ የተጣለበትን አይክለፐርቲን በሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ፈትኖ፣ ጥር 2025 በፈረንጆቹ፣ ዋና ግቡን እንዳልመታ አስታወቀ። ስለዚህ ለጊዜው ያለው ልምምድና ተራ ዘዴ ነው፦ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ መናገር፣ መድኃኒቱን ከቁርስ ጋር ማያያዝ፣ ሬዲዮውን መዝጋት። ተራ ነው። ግን ይህን ለማድረግ መጀመሪያ ችግሩ ስንፍና አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማን ነግሯቸው?

ናሳር መጽሐፏ ውስጥ ፊልሙ በጥቂት ደቂቃ ያለፋቸውን ዓመታት በዝርዝር ትጽፋቸዋለች። አሊሲያ በ1963 ፈታዋለች፣ ፊልሙ ይህን አይናገርም፤ በ1970 ግን እቤቷ እንዲኖር ተቀበለችው። ከዚያ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ፕሪንስተን ውስጥ ይዞራል። ተማሪዎቹ መንፈስ ይሉታል። ማንም አላባረረውም፤ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒውተር ይጠቀማል፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ረጅም የቁጥርና የፊደል መስመር ጽፎ ይወጣል። ፊልሙ ከዚህ የወሰደው መስኮት ላይ የሚጽፈውን ወጣት ሊቅ ነው፤ መስታወት፣ ብርሃን፣ ሙዚቃ። እኔ ማየት የምፈልገው ሌላኛውን ነበር፤ ሽበታም ሰውዬ፣ ጠመኔ፣ ጥዋት ተመልሶ ሲመጣ ያልተጠፋ ሰሌዳ፣ ትናንት የት እንዳቆመ እዚያው ላይ የሚያነብበት።